የአሞራ መንገድ፤ ከአቃቂ እስከ ደሴ

አባቶቻችን ርቀትን የሚለኩት በቀን ነበር። «ደሴ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ለጠየቀ መንገደኛ በኪሎ ሜትር የሚመልስለት አልነበረም፤ «ለቀላል እግረኛ ይህን ያህል ቀን፣ ለጭነት በቅሎ ይህን ያህል» ይባል ነበር እንጂ። አለካኩ ዛሬ ሲታሰብ ያልሠለጠነ ይመስላል፤ ይሁንና ከእኛ ቁጥር የበለጠ እውነት የያዘ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የቀን መንገድ መሬቱን ብቻ አይለካምና፤ መንገደኛውን፣ ወቅቱን፣ የወንዙን ሙላት፣ የስንቁን ክብደት፣ የበቅሎዋን ጀርባ ቁስል ሳይቀር አጠቃልሎ ይለካል። አንድ ሰው በሐምሌ ሲጠየቅና በጥር ሲጠየቅ ለአንዱ መንገድ ሁለት ርቀት ቢናገር ማንም ዋሸ አይለውም።

አሁን አንባቢ ከፈቀደ ካርታ ይዘርጋና ክር ያንሣ። የክሩን አንድ ጫፍ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ አቃቂ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ደሴ ላይ ያኑር። አቃቂ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ8 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ግድም ትገኛለች፤ ደሴ በ11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ግድም። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደሴ ከአቃቂ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለች፤ ወደ ምሥራቅም ከ90 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ፈቀቅ ትላለች። ሁለቱን አገናኝቶ ሰያፉን መስመር ለሚያሰላ ሰው የአየሩ መንገድ 265 ኪሎ ሜትር ግድም ይወጣዋል። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያደርሰው የመኪና መንገድ ግን 400 ኪሎ ሜትር ነው። በደብረ ብርሃን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ከደጋው ጫፍ ወደ ቆላው ተወርውሮ፣ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አቋርጦ፣ ከኮምቦልቻ እንደገና ሽቅብ እየተጠማዘዘ የሚወጣ መንገድ ነው። በእግርና በበቅሎ ጊዜ ይህ የሁለት ሳምንት ጉዞ ነበር። ክሩ ግን ገደል አያውቅም፤ ወንዝም አይከለክለውም።

ሁለት አነስተኛ ከተሞችን መርጬ ክር የዘረጋሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1928 ዓ.ም. እኒህ ሁለት ስፍራዎች የአንድ አገር ዕጣ የተንጠለጠለበት ገመድ ሁለት ጫፎች ነበሩ። በአንደኛው ጫፍ የኢትዮጵያ ጥቂት አውሮፕላኖች የሚነሡበትና የሚያርፉበት ሜዳ ነበረ፤ በሁለተኛው ጫፍ የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈር።

ዛሬ አቃቂ ቃሊቲ ሲባል በብዙዎቻችን ዓይን የሚመጣው የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ መጋዘን፣ የጉምሩክ ተራ የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሰልፍ ነው። በዚያን ዘመን ግን ከከተማው የተለየ ገጠር ነበር፤ ወንዙ፣ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ፣ የጤፍ ማሳ። በዚህ ገጠር ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት የዘመኑ ድንቆች ተተከሉ። አንደኛው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭው ዓለም ድምፃቸውን ያሰሙበት፣ የጦርነቱ ጊዜ ጋዜጠኞችም ወሬያቸውን የላኩበት። የሚያስገርመው፣ ይህን ጣቢያ የሠራው የኢጣሊያ ኩባንያ ነበር። ሁለተኛው የአየር ሜዳው ነው።

ሜዳው ስለ ምን አቃቂ ሆነ ቢባል መልሱ ከመሬቱ ይገኛል። አዲስ አበባ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የተንጠለጠለች፣ ወንዝና ሸለቆ የሸነሸናት ከተማ ናት። ወደ አቃቂ ሲወረድ መሬቱ ይረጋል፤ ከፍታውም ከመሐል ከተማው ይቀንሳል። ለአውሮፕላን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ግድም በሆነ ስፍራ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ለክንፉ የሚሰጠው ድጋፍ ያንሳል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ስለሚጎድልበት ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ በጅቡቲ አሸዋ ላይ በአጭር ሩጫ የሚነሣ አውሮፕላን በአቃቂ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ሆኖ የአቃቂ ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃ ይሆናል፤ መንኮራኩር ይውጣል። የቀን መንገድ ዘመን አልፎአል ብለን ስናበቃ ወቅቱ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

አውሮፕላን በኢትዮጵያ መሬት ላይ ያረፈው በአቃቂ አልነበረም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የተባለች ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ አውሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አዲስ አበባ አጠገብ ገፈርሳ ላይ አሳረፈ። አውሮፕላኗ «ንስረ ተፈሪ» ተብላ ነበር። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ የጀርመኑ ባሮን ፎን ኤንግል የነዳት ዩንከርስ ተከተለች። በባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ባቡሩም ሌሊት ሌሊት እያደረ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። በአየር ግን 560 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ የአንድ ጧት ሥራ። ከዓመት በኋላ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ሚሽካ አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ከዚያው ዘመን የሚተረከው የሁበርት ጁልያን ነገርም አለ፤ «የሃርለም ጥቁር ንስር» የተባለው ይህ ሰው በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ በተደረገ ልምምድ የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ አውሮፕላን ከስክሶ ከአገር ተሸኘ። የእርሱን ታሪክ ለሌላ ቀን እናቆየው፤ ከሚገባው በላይ ተወርቶለታል።

እዚህ ላይ ስለ ርቀት አንድ ነገር መነገር አለበት፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ያረፈው በእርሱ ላይ ነውና። ለኢትዮጵያ ርቀት ምሽግ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ዐድዋ ላይ የገጠሙት የካቲት 23 ቀን ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዐድዋ በአየር 570 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያ ሠራዊት ግን ይህን ርቀት የጨረሰው አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። አዝጋሚነቱ ጉዳት ብቻ አልነበረም። አገሩ በሙሉ እየተንቀሳቀሰ፣ እየከተተ፣ በየመንገዱ ጦሩ እየተቀላቀለ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ጠላትም ከባሕር ወደ ደጋው በወጣ ቁጥር ስንቁ ይርቀዋል፤ ርቀቱ ከተራራው ጋር አብሮ ይዋጋዋል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የአፋር በረሃ ነበረ፤ ለዘመናት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ወደ ወሎ ደጋ ሠራዊት ይዞ ለመውጣት ያሰበን ሁሉ የሚያስፈራ ምድር። ወሎ በዚያ አቅጣጫ ዘበኛ አያስፈልጋትም ነበር፤ ጥማትና ሐሩር ይበቋታል።

አውሮፕላን ይህን ምሽግ አፈረሰው። አሰብ የኢጣሊያ ይዞታ ነበረች፤ የአየር ሜዳም ነበራት። ከአሰብ ደሴ በአየር 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ለሚበር ቦምብ ጣይ ያ ሁሉ በረሃ የሁለት ሰዓት መንገድ ሆነ፤ ውኃ እንኳ መያዝ አያስፈልገውም።

ኢትዮጵያም በአቅሟ ከዚህ ፍጥነት ድርሻዋን ልትወስድ ሞክራለች። በጦርነቱ ዋዜማ የነበሯት አውሮፕላኖች አንድ ደርዘን ያህል ነበሩ፤ ከነዚያም ሁሉ በአንድ ቀን መነሣት የሚችሉት ጥቂቶቹ ናቸው። ጥቂት ፖቴዞች፣ ፋርማን፣ ዩንከርስ፤ ዓይነታቸው የተለያየ በመሆኑ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። የጦር አውሮፕላን ለመሆን የሚበቃ መሣሪያ አልነበራቸውም። አዲስ ለመግዛት ደግሞ ኃያላኑ የጣሉት የጦር መሣሪያ ማዕቀብ በሩን ዘግቶት ነበር። በሌላው ወገን የተሰለፉት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

የዚህ ትንሽ ኃይል አዛዥ በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን ሆነ። ሮቢንሰን በሚሲሲፒ ያደገ፣ በተስኪጊ የተማረ፣ ጥቁር ተማሪ የማይቀበለውን የበረራ ትምህርት ቤት በር አንኳኩቶ አንኳኩቶ የገባ ሰው ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት አውሮፕላኖች ዐድዋን ሲደበድቡ መልእክት አድርሶ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር። አስቡት፤ ዐፄ ምኒልክ አምስት ወር ግድም የፈጀባቸውን መንገድ እርሱ በአንድ ቀን አሳልጦት፣ ከወረራው የመጀመሪያ ቀን ጋር ዐድዋ ላይ ተገናኘ።

ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር ወደ ሰሜን ተነሥተው ደሴን የጦር መምሪያቸው ካደረጉ በኋላ የአቃቂና የደሴ መስመር ሥራው በዛ። ፖቴዝ 25 ሁለት ሰው የምትይዝ፣ መቀመጫዋ ክፍት የሆነ አውሮፕላን ናት። ቢበዛ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ታልፋለች፤ ሞተሯን ሳታስጨንቅ በሰዓት 170 ብትጓዝ ደሴን በአንድ ሰዓት ተኩል ግድም ትደርሳለች። ከሁለት ሳምንት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል! ቁጥሩ ለብቻው ሲነገር ተአምር ይመስላል። ነገር ግን አንባቢ ቁጥሩን ብቻ ይዞ እንዳይሄድ እለምናለሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ደጋ አለ። አብራሪው ያንን ተሻግሮ ለመሄድ ፊቱን ለብርዱ ሰጥቶ መውጣት አለበት። በሬዲዮ የሚመራው የለም፤ የአየሩን ሁኔታ የሚነግረው የለም፤ መንገዱን የሚያውቀው ወንዙን፣ ተራራውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ አይቶ ነው። ጭጋግ ከወረደበት ደሴን ከቦ የቆመው ጦሳ ተራራ ወዳጅ አይሆንለትም። ጨለማ ሳይቀድመው ማረፍ አለበት፤ የማረፊያ መብራት የሚባል ነገር አልነበረምና። ቤንዚኑም ራሱ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ነው፤ ደሴ ላይ ለመመለሻ የሚቀዳው ቤንዚን ደግሞ ያንኑ ጠመዝማዛ የ400 ኪሎ ሜትር መንገድ በጭነት መኪና ተንገላትቶ መድረስ ይኖርበታል። እናም የአንድ ሰዓት ተኩሉ በረራ ከበስተኋላው የብዙ ቀን የመሬት ጉዞ ተሸክሞ ነበር የሚነሣው። ዛሬም የበረራ ሰዓት ሲነገረን ይህ ከኋላ ያለው ጊዜ አይነገረንም።

በዚህ ሁሉ ላይ በሰማይ የሚጠብቅ ጠላት አለ። መሣሪያ ለሌለው አብራሪ መሸሸጊያው ደመና ብቻ ነው። ሮቢንሰንና ባልደረቦቹ የሚይዙት ቦምብ ሳይሆን ደብዳቤ፣ መድኃኒትና አንዳንዴም ሰው ነበር። የጦር አውሮፕላን ብለን የምንጠራቸው በእውነቱ ፈጣን መልእክተኞች ናቸው።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ያው የአየር መንገድ ለሌላው ወገን ምን ማለት እንደሆነ ደሴ አየች። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ጧት መጥተው ከተማዋን ደበደቡ፤ ቤቶች ነደዱ፣ ሰው አለቀ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካውያን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከመትረየሱ ኋላ ሆነው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚታዩበት ፎቶግራፍ የዓለምን ጋዜጦች የዞረው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ያ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የጀግንነት ምስል ሆኖ ይታያል፤ እውነትም ነው። እኔን ግን የሚያሳዝነኝ ነገር አለበት። ርቀት ከከዳው በኋላ አንድ የአገር መሪ እጁ ላይ የቀረው ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያሳያል።

ከደሴ ወደ ሰሜን ያለውን መንገድ የቀጠለው ሌላ ሰው ነው። የስዊድኑ ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ለስዊድን ቀይ መስቀል ሄንክል የተባለች ትንሽ አምቡላንስ አውሮፕላን ይዞ መጥቶ ነበር። መጋቢት 8 ቀን 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኗ ኮረም ላይ ቆማ ሳለ የቀይ መስቀል ምልክቷ ሳያስጥላት በኢጣሊያ ቦምብ ነደደች። ቁስለኛን ከኮረም ደሴ በበቅሎ ማውረድ የብዙ ቀን ሥቃይ ነው፤ በእርሷ ክንፍ ግን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነበር። የነደደው ብረትና ሸራ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ፎን ሮዘን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ለዓመታት አሠልጥኗል፤ በኋላም በእርጅናው ለረሃብተኛ እህል ለማድረስ መጥቶ ሳለ ሐምሌ 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጎዴ ላይ ተገደለ።

መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ። ከአራት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 26፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች እስከ አዲስ አበባ ሰማይ ዘልቀው የአቃቂን የአየር ሜዳ በመትረየስ ደበደቡ። የገመዱ ሁለተኛው ጫፍ ተያዘ ማለት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ በጠላት እጅ ገባች።

የሚቀጥለው ነገር የመሬትን መንገድ ጠባይ ለሚያጠና ሰው ትልቅ ትምህርት አለው። ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን ከ1,500 የሚበልጡ መኪናዎች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ፋሽስቶች «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው ሰየሙት። በሰማይ የሚከለክለው አንዳች ኃይል የለም፤ በምድርም የተደራጀ ሠራዊት የለም። ነገር ግን የበልጉ ዝናብ መንገዱን አጭቅይቶታል፤ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተንዶ ጠበቃቸው፤ ጫጫ አካባቢ ደግሞ የኃይለ ማርያም ማሞ ሰዎች ገጠሟቸው። አውሮፕላኖቻቸው በሁለት ሰዓት የሚጨርሱትን መንገድ መኪናዎቻቸው በአሥር ቀን ጨረሱት፤ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። አሥር ቀን! የበቅሎ ነጋዴ ጥቂት ቢቸኩል ሊወዳደራቸው ይችል ነበር። አሮጌው ርቀት ሞተ ከተባለ በኋላ ጣርማ በር ላይ ለጥቂት ቀናት ተነሥቶ ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል።

በነዚያ አሥር ቀናት መካከል አንድ አስቂኝም አሳዛኝም ነገር ተደርጓል። የሙሶሊኒ አማች ጋሌአዞ ቻኖ፣ ራሱም አብራሪ ነበርና፣ ሚያዝያ 22 ቀን ከሁሉ ቀድሞ አዲስ አበባ ለመግባት ተመኘ። ወደ መዲናይቱ የአየር ሜዳ ወርዶ መንኮራኩሩ መሬት እንደነካ ተኩስ ተቀበለው፤ ሳይቆም ተመልሶ ተነሣ። በማግስቱ ማግስት፣ ሚያዝያ 24፣ ንጉሠ ነገሥቱን የያዘው ባቡር በአቃቂ በኩል ወደ ጅቡቲ ወረደ። ሮቢንሰንም ከአገር ወጥቶ በግንቦት ወር አሜሪካ ሲደርስ በጥቁር ሕዝብ መካከል እንደ ጀግና ተቀበሉት። በ1936 ዓ.ም. ግን አልቻለም፤ ተመልሶ መጣ። ወጣት አብራሪዎችን ሲያሠለጥን ኖሮ መጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

ከነጻነት በኋላ የመጣውን ዘመን ባጭሩ ልለፈው፤ የታወቀ ነውና። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። የነበሩት አውሮፕላኖች ከዓለም ጦርነት የተረፉ ባለ ሁለት ሞተር ዳግላሶች ነበሩ፤ ሰው ከግራና ከቀኝ በረጅሙ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ጭነቱ በመካከል ይቆለላል። የአየር ሜዳውም ከአቃቂ ወደ ልደታ፣ በኋላም ወደ ቦሌ ሄደ። እነዚያ ዳግላሶች ሣር ላይ እያረፉ ያገናኟቸው ትንንሽ ከተሞች ብዙ ናቸው። ጎንደርና ላሊበላን ብቻ ብንወስድ በአየር 180 ኪሎ ሜትር ግድም ናቸው፤ በመኪና በደብረ ታቦርና በጋሸና ዞሮ ለሚሄድ ግን ከ350 ያልፋል። በአየር የግማሽ ሰዓት ጎረቤቶች ናቸው፤ በምድር የአንድ ሙሉ ቀን እንግዶች። አንድ ሰው ሁለቱ ከተሞች ቅርብ ናቸው ወይስ ሩቅ ብሎ ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የኪሱን ነገር ነው።

ደሴም ዛሬ የራሷ አየር ማረፊያ የላትም፤ ኮምቦልቻ ነው የሚታረፍላት። ከቦሌ ኮምቦልቻ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዘመኑ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አየር ላይ አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ከፖቴዟ የሚለየው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ መስታወቱ ተዘግቷል፣ ሻይ ይቀርባል፣ ከታች ያለው ጣርማ በር በነጭ ጭጋግ ውስጥ ያልፋል። ከኮምቦልቻ ደሴ ሽቅብ የሚያወጣው የመኪና መንገድ ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ ይጠማዘዛል።

በመጨረሻ ስለ አንዲት አውሮፕላን ልናገር። በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ውስጥ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እዚሁ አገር ውስጥ ገጣጥሞ ሠራ። ስሟ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለ። የመጀመሪያ በረራዋን ያደረገችው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1935 ነው፤ ደሴ ከተደበደበችበት ጊዜ ብዙም ሳይርቅ። ኢጣሊያኖች ማርከው እስኪወስዷት ድረስ አየር ላይ የቆየችው 30 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከሮማ ወጣ ባለው በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ቆማ ቆየች፤ ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመት በኋላ።

ክሩን አንድ ጊዜ እንደገና ካርታው ላይ ልዘርጋው። ከሮማ አዲስ አበባ በአየር 4,470 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። «ፀሐይ» በዚያ ዘመን ትንንሽ አውሮፕላኖች ልክ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ትበር ነበር ብለን ብንገምት፣ በ30 ሰዓት ዕድሜዋ የበረረችው ሁሉ ተደምሮ 4,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል።